ታካሚው በስልኩ የሚሞላው መጠይቅና የኦፒዮይድ ማዘዣ፦ ነጥቡ ምን ይናገራል፣ ምን አይናገርም?

ጥያቄ፦ «ሥር የሰደደ ሕመም ኖሮባቸው ለረጅም ጊዜ ትራማዶል፣ ኮዴይን ወይም ሞርፊን (ኦፒዮይድ የሚባሉ የሕመም ማስታገሻዎች) የሚወስዱ ታካሚዎችን የምንከታተል ክሊኒክ ነን። ከቀጠሮ በፊት በስልካቸው፣ ካልሆነም በመጠበቂያ ክፍሉ ታብሌት ላይ የሚሞሉት የራስ ግምገማ መጠይቅ ልንጀምር ነው። የትኛውን እንምረጥ? ነጥቡ ስንት ሲደርስ መድኃኒቱን እናቁም? ከፍተኛ ነጥብ ላመጣ ታካሚ ሲስተሙ ማዘዣውን በራሱ እንዲዘጋ ብናደርግስ? ታካሚዎቹ ቢዋሹን እንዴት እናውቃለን?»

ምላሽ፦ መዝጋቱ በቴክኒክ ቀላል ነው፤ ግን አታድርጉት። መድኃኒት የሚያስቆም ነጥብ የሚባል ነገርም የለም። መጠይቁ የሚሰጣችሁ ቁጥር ታካሚው በዚያች ሰዓት ስለ ራሱ የተናገረውን ድምር ነው። ሐኪሙ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ይጠቁማል እንጂ የበሽታ ምርመራ ውጤት አይደለም።

ስሌቱን በግምታዊ ቁጥር ላሳያችሁ። 1,000 ታካሚዎች አሉ እንበል፤ 80ዎቹ እውነተኛ የአጠቃቀም ችግር አለባቸው። መጠይቁ ችግር ካለባቸው ከመቶ 80ውን የሚይዝ፣ ችግር ከሌለባቸው ደግሞ ከመቶ 70ውን በትክክል ነጻ የሚል ቢሆን፣ ለእንዲህ ያለ መሣሪያ መጥፎ አይባልም። እንዲያም ሆኖ ከ80ዎቹ 64ቱን ይይዛል፣ 16ቱ ያመልጡታል። ከቀሩት 920 ሰዎች ውስጥ ግን 276ቱ ላይ ቀይ ምልክት ያደርጋል። በድምሩ 340 ሰው ይጠቆማል፤ በእርግጥ ችግር ያለባቸው 64ቱ ብቻ ናቸው፣ ከአምስት አንድ እንኳ አይሞሉም። ሲስተሙ በራሱ ቢዘጋ አብዛኛውን የሚቀጣው ምንም ያላጠፋ ሰው ነው፤ 16ቱን ደግሞ በአረንጓዴ ምልክት ያሳልፋቸዋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2022 ባሻሻለው የኦፒዮይድ መመሪያም የእነዚህ የስጋት መጠይቆች ትክክለኛነት ውስን መሆኑን አስቀምጧል።

ጥያቄያችሁ ውስጥ ሌላም መደባለቅ ይታያል። «የራስ ግምገማ» ስትሉ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን አንድ ላይ ጨፍልቃችኋል። አንደኛው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የአጠቃቀም ችግር የመምጣቱን ስጋት መገመት ነው። ሁለተኛው መድኃኒቱን እየወሰደ ባለ ሰው ላይ አጠቃቀሙ ከታዘዘው መውጣት አለመውጣቱን ማየት ነው። ሦስተኛው መድኃኒቱ እየጠቀመ ነው ወይስ እየጎዳ የሚለው ነው። ክሊኒኮች አብዛኛውን ጉልበታቸውን የሚያፈሱት በመጀመሪያው ላይ ነው። በእኔ ግምት ግን እናንተ ባላችሁበት ሁኔታ፣ ማለትም ለረጅም ጊዜ መድኃኒት ላይ በቆዩ ታካሚዎች ዘንድ፣ ብዙ የሚከፍለው ሦስተኛው ነው።

ለመጀመሪያው ሥራ ሁለት የታወቁ መጠይቆች አሉ። «ሶፕ-አር» 24 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይመለሳል፤ ድምሩ 18 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ስጋቱ ከፍ ያለ ነው ይባላል። ሌላው በ2005 የወጣው «የኦፒዮይድ ስጋት መለኪያ» ነው። የዚህኛውን የመጀመሪያ ቅጂ አትጠቀሙ። በልጅነቷ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባትን ሴት በ3 ነጥብ ያስከፍላታል፤ ተመሳሳይ ጥቃት ለደረሰበት ወንድ ግን ነጥቡ ዜሮ ነው። በ2019 የተሻሻለው ቅጂ ያንን ጥያቄ አውጥቶ በአዎ ወይም በአይ የሚመለሱ 9 ጥያቄዎችን ብቻ አስቀርቷል፤ 3 እና ከዚያ በላይ ሲመጣ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አዲስ ታካሚ ላይ አንድ ጊዜ ይሞላ፣ ይበቃል። የቤተሰብ ታሪክ በየወሩ አይለወጥም።

ለሁለተኛው ሥራ የተለመደው «ኮም» የሚባለው ነው፦ 17 ጥያቄዎች፣ ሁሉም ስላለፉት 30 ቀናት፣ ወሰኑ 9። እዚህ ላይ ድምሩን ብቻ የሚያይ ሐኪም ይሳሳታል። ከጥያቄዎቹ መካከል ስለ ንዴት፣ ከሰው ጋር ስለ መጋጨት፣ ስለ ማስታወስ ችግር የሚጠይቁ አሉ። ሕመሙ በቅጡ ያልታከመለት፣ እንቅልፍ ያጣና የተከፋ ሰው አንዲት ክኒን እንኳ ሳያዛንፍ 9ን ሊያልፍ ይችላል። በተቃራኒው በሌላው ሁሉ ዜሮ ሞልቶ «የሌላ ሰው መድኃኒት ተበድሬ ወስጃለሁ» በሚለው ላይ ብቻ ከፍ ያለ መልስ የሰጠ ታካሚ ድምሩ ትንሽ ነው፤ መነጋገር ግን የግድ ይላል። ስለዚህ ሲስተሙ ለሐኪሙ የሚያሳየው ገጽ ላይ ድምሩ በትንሹ፣ ከዜሮ የወጡት መልሶች ግን በዝርዝርና በጉልህ ይቀመጡ።

ሦስተኛው ሥራ ላይ ላቆያችሁ። «ፔግ» የሚባለው መለኪያ ሦስት ጥያቄዎች ብቻ አሉት፤ ሦስቱም ስላለፈው ሳምንት ይጠይቃሉ፦ አማካይ የሕመም መጠን፣ ሕመሙ የሕይወት ደስታን ምን ያህል እንዳወከ፣ የዕለት እንቅስቃሴን ምን ያህል እንዳወከ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይመለሳል፣ የሦስቱ አማካይ ይወሰዳል። ትርጉም ያለው መሻሻል የሚባለው ከመነሻው በ30 በመቶ ሲወርድ ነው። ታካሚው ሲጀምር 7፣ 8 እና 6 ቢሞላ አማካዩ 7 ነው፤ መድኃኒቱ ሠራ ለማለት 4.9 አካባቢ መድረስ አለበት። ከሁለት ወር በኋላ 5፣ 6 እና 6 ከሞላ አማካዩ ወደ 5.7 ነው፤ የወረደው 19 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በቀጠሮው ዕለት «ትንሽ ይሻለኛል» የሚለው ታካሚ ይኸው ነው። በዚህች ቃል ላይ ተመሥርቶ መጠኑን መጨመር ቀላል ነው፤ ቁጥሩ ጎን ለጎን ሲታይ ግን መድኃኒቱ ብዙም እንዳልረዳው ግልጽ ይሆናል። አደገኛ የመጠን መከማመር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማንም መለስ ብሎ ካላየው የጥቅም ማነስ ነው፤ ታካሚው አታለለን የሚባለው ሁሌ ትክክል አይደለም።

መነሻው ካልተመዘገበ ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም። ነባር ታካሚዎቻችሁ መድኃኒት ከመጀመራቸው በፊት የነበረውን ቁጥር ወደ ኋላ ሄዳችሁ ልታገኙት አትችሉም፤ የዛሬውን እንደ መነሻ ያዙና ከዚህ በኋላ በሚደረግ ማንኛውም የመጠን ለውጥ ላይ አነጻጽሩ።

ከፔግ ቀጥሎ ጉዳት የሚጠይቁ አጫጭር ጥያቄዎች ይግቡ፦ ቀን ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ይልዎታል? ወድቀዋል? በሳምንት ስንት ጊዜ ይጸዳዳሉ? መኪና ይነዳሉ ወይም አደገኛ ማሽን ያንቀሳቅሳሉ? ቀጥሎ አልኮል ይጠየቅ፤ «ኦዲት-ሲ» በሦስት ጥያቄ ይጨርሰዋል፣ ለወንድ 4፣ ለሴት 3 እና ከዚያ በላይ ትኩረት ይሻል። ቀጥሎ ዳያዜፓምና መሰሎቹ (ቤንዞዲያዜፒን የሚባሉት ማረጋጊያዎች)፣ ለነርቭ ሕመምና ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊንም ጭምር። ኦፒዮይድን ከቤንዞዲያዜፒን ጋር መውሰድ አተነፋፈስን አፍኖ ሊገድል እንደሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2016 በሳጥን የታጠረ ማስጠንቀቂያ አስነግሯል። ታካሚው ትራማዶል ላይ ከሆነ የሚጥል በሽታ እንዳለበትና የድብርት መድኃኒት እንደሚወስድ ጠይቁ፤ ትራማዶል የመንቀጥቀጥ አደጋን ይጨምራል፣ ከብዙዎቹ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝም የሴሮቶኒን መብዛት ሊያመጣ ይችላል። ለእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቆራረጥ «ስቶፕ-ባንግ» ጥሩ ነው፤ ከስምንቱ ነጥቦች ግን ማንኮራፋትን፣ ድካምን፣ ትንፋሽ ሲቆም ሰው ማየቱንና የደም ግፊትን የሚመለከቱትን አራቱን ብቻ ለታካሚው ስጡ። የአንገቱን ዙሪያና የክብደቱን መለኪያ ከራሱ አትጠብቁ፤ ነርስ ለክታ ትሙላ። ድምሩ 3 ወይም 4 ሲሆን መካከለኛ፣ 5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከፍተኛ ስጋት ነው።

ዲጂታል መሆኑ በእርግጥ የሚጠቅምበት ሌላው ቦታ የመጠን ስሌት ነው። ታካሚው የሚወስደውን ሁሉ፣ ከሌላ ቦታ የታዘዘለትንም ጨምሮ፣ በሚሊግራምና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ይሙላ፤ ሲስተሙ በአፍ ወደሚወሰድ የሞርፊን አቻ መጠን ይቀይረው። በ2022ቱ መመሪያ ማባዣዎቹ ለኮዴይን 0.15፣ ለትራማዶል 0.2፣ ለኦክሲኮዶን 1.5፣ ለሜታዶን 4.7 ናቸው፤ የፌንታኒል ልጥፍ ደግሞ በሰዓት የሚለቀው ማይክሮግራም በ2.4 ይባዛል። እናንተ ትራማዶል 50 ሚሊግራም በቀን አራት ጊዜ አዛችሁለታል፦ 200 በ0.2 ሲባዛ 40 ነው። ሌላ ሐኪም ኮዴይን 30 ሚሊግራም በቀን አራት ጊዜ ጨምሮለታል፦ 120 በ0.15 ሲባዛ 18። ድምሩ 58 ነው። ሁለቱም ማዘዣዎች ለየብቻ ሲታዩ ልከኛ ናቸው፤ አንድ ላይ ግን መመሪያው ተጨማሪ ጥንቃቄ የሚጠይቅበትን በቀን 50 ሚሊግራም ሞርፊን አቻ አልፈዋል። በየክሊኒኩ መዝገብ የማይታየውን ይህን ድምር ሊያሳያችሁ የሚችለው የታካሚው የራሱ መልስ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህ ማባዣዎች ስጋትን ለመገመት ብቻ ናቸው። አንዱን ኦፒዮይድ በሌላ ለመተካት በቀጥታ ከተጠቀማችሁባቸው፣ በተለይ በሜታዶን፣ ሰው ትገድላላችሁ።

ወደ ውሸቱ ልምጣ። ሰዎች ስለ አልኮል፣ ስለ ዕፅና ስለሚያሳፍሯቸው ነገሮች ፊት ለፊት ከሚናገሩት ይልቅ ለስክሪን የሚያምኑት ይበዛል፤ ይህ በብዙ ጥናቶች የታየ ነው። ታካሚን እንዲዋሽ የሚያስተምረው የመልሱ መዘዝ ነው። አንድ መልስ ማዘዣ እንደሚያስከለክል ታካሚዎች ለማወቅ ከሁለተኛ ቀጠሮ በላይ አይፈጅባቸውም፤ በመጠበቂያ ክፍል ወሬ ይዞራል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ዜሮ ይሞላል፣ እናንተም የተስተካከለ ክሊኒክ ያላችሁ ይመስላችኋል። በራሱ የሚዘጋውን ሲስተም አጥብቄ የምቃወምበት ዋና ምክንያት ይህ ነው።

ማመሳከሪያ ያስፈልጋል፣ አዎ፤ የማዘዣ መዝገብ፣ የተረፈ ክኒን መቁጠር፣ የሽንት ምርመራ። ሽንቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የተለመደው የ«ኦፒየት» ፈጣን ምርመራ የተሠራው በዋናነት ሞርፊንና ኮዴይንን እንዲያይ ነው፤ ትራማዶልን፣ ሜታዶንንና ፌንታኒልን አያይም፣ ኦክሲኮዶንንም ብዙ ጊዜ ሳያይ ያልፈዋል። ትራማዶሉን በሥርዓት የወሰደ ታካሚ ውጤቱ «የለም» ይላል፤ ይህን የማያውቅ ሐኪም «መድኃኒቱን ይሸጣል» ብሎ ይፈርድበታል። መልሱና ምርመራው ሲጋጩ ከክስ በፊት ምርመራው ምን ማየት እንደሚችል ይጣራ።

አሠራሩ ላይ የሚበላሹት ነገሮች ተራ ይመስላሉ፣ ውጤቱን ግን ያዛባሉ። ከ0 እስከ 10 ያለውን በሚንሸራተት መስመር አታቅርቡ፤ ጠቋሚው መጀመሪያ የቆመበት ቦታ መልሱን ወደ ራሱ ይስባል። አሥራ አንድ የተለያዩ ቁልፎች ይሁኑ፣ አንዱም ቀድሞ የተመረጠ አይሁን። ያለፈው ጊዜ መልስ ለታካሚው አይታይ፣ ይገለብጠዋልና። የጊዜው ወሰን፣ 7 ቀን ይሁን 30፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ይጻፍ። «መመለስ አልፈልግም» የሚል ምርጫ ይኑር፤ እምቢታ ራሱ መረጃ ነው፣ የግድ መልስ ግን የፈጠራ መልስ ይወልዳል። ማንበብ ለማይችል ጥያቄው በድምፅ ይቅረብ። የመጀመሪያው ጥያቄ «የሚሞላው ማን ነው?» ይሁን፦ ታካሚው ብቻውን፣ ሰው እያነበበለት፣ ወይስ ሌላ ሰው ስለ እሱ። ሌላ ሰው አጠገቡ ካለ የአልኮል፣ የዕፅና የጥቃት ጥያቄዎች ተዘልለው ክሊኒክ ውስጥ ለብቻው ይጠየቁ። ስልክ በቤተሰብ ስለሚነካካ የማስታወሻ መልእክቱ ላይ የመድኃኒት ስም አይጻፍ፤ «የቀጠሮ ቅጽ ይሙሉ» ይበቃል። የክኒን ክምችት ያለበትን ቤት ለሌባ መጠቆምም እንዳይሆን።

ሶፕ-አርና ኮም የባለቤትነት መብት ያላቸው ስለሆኑ ወደ መተግበሪያ ከማስገባታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። በሌላ ቋንቋ ስታቀርቧቸው ተርጉሞ መጫን አይበቃም፤ ሌላ ተርጓሚ ወደ ምንጩ ቋንቋ ይመልሰው፣ ጥቂት ታካሚዎችም እያንዳንዱን ጥያቄ እንዴት እንደተረዱት በቃላቸው ያስረዱ። ይህ ተደርጎም ቢሆን 9 ወይም 18 የሚለው ወሰን በአዲሱ ቋንቋ እንዳለ ይሠራል ብላችሁ አትመኑ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ማንም ያላነበበው መልስ ነው። የድብርት መጠይቁ «ፒኤችኪው-9» ዘጠነኛ ጥያቄው ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ይጠይቃል። ታካሚው ዓርብ ማታ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ብሎ ሞልቶ፣ መልሱ ሰኞ ጠዋት ቢነበብ ጠይቃችሁ ችላ ብላችኋል። ሌሊትና በዓል የሚያነብ ተረኛ ከሌላችሁ በስልክ የሁለት ጥያቄውን አጭር ቅጂ ብቻ ላኩ፤ ሙሉውን ታካሚው ክሊኒክ ሲመጣ በታብሌት ያስሞሉት፣ ሳይወጣም ይታይ። የስልኩ ቅጽ መጀመሪያ ላይ መልሱ ከቀጠሮው ቀን በፊት ላይነበብ እንደሚችል በግልጽ ይጻፍ። ከባድ እንቅልፍ፣ ለመቀስቀስ መቸገር ወይም የትንፋሽ ማጠር ለሞላ ሰው ደግሞ ስክሪኑ ራሱ በዚያው ቅጽበት «ተጨማሪ መድኃኒት አይውሰዱ፣ አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፣ አጠገብዎ ያለ ሰው ይጥሩ» ይበል እንጂ ሐኪም እስኪያይ አይጠብቅ። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ የቀጠሮ ቀን ጉዳይ ነው። ሁሉንም ነገር አስቸኳይ ካደረጋችሁት በሁለት ሳምንት ውስጥ ማስጠንቀቂያውን የሚያይ አይኖርም።

ከፍተኛ ነጥብ ሲመጣ ምን ይደረግ? በቅድሚያ ከዜሮ የወጡትን መልሶች ይዛችሁ ተነጋገሩ፦ ክኒኑን አብልጦ የወሰደው ሕመሙ ስለጠና ነው፣ እንቅልፍ ፍለጋ ነው፣ ወይስ ሳይወስድ መቆየት ስላቃተው? ሦስቱም የተለያየ ሕክምና አላቸው። የኦፒዮይድ አጠቃቀም መታወክ ከጠረጠራችሁ በ«ዲኤስኤም-5» (የአእምሮ ሕመሞች መመርመሪያ መመሪያ) 11 መስፈርቶች መርምሩ፤ በ12 ወር ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ መሟላት አለባቸው። መድኃኒቱን በታዘዘለት መሠረት በሚወስድ ሰው ላይ ግን ሰውነት መላመዱና ሲቀር የሚመጣው ሕመም አይቆጠሩም። ይህን ልዩነት ስተው የተላመደን ሁሉ «ሱሰኛ» የሚሉ ብዙ ናቸው። መታወኩ ካለ በቡፕረኖርፊን ወይም በሜታዶን ይታከማል፤ ታካሚውን ማባረር ሕክምና አይደለም።

መጠን መቀነስ ካስፈለገ ቀስ ብሎ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ለወሰደ ሰው በወር 10 በመቶ ወይም ከዚያ በዘገየ ፍጥነት። በድንገት ማቆም ከባድ የማቋረጥ ሕመም፣ የባሰ ሥቃይና ራስን እስከ ማጥፋት የሚደርስ ጭንቀት ሊያስከትል እንደሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2019 አስጠንቅቋል፤ በራሱ የሚዘጋ ሲስተም የሚያደርገውም በትክክል ይህን ነው። በቀን 50 ሚሊግራም ሞርፊን አቻና ከዚያ በላይ ለሚወስድ፣ ቤንዞዲያዜፒን ለሚጨምር፣ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ላለበት ወይም ከዚህ በፊት መጠን አልፎ ለታመመ ሰው ናሎክሶን (የኦፒዮይድ መመረዝን የሚያከሽፈው መድኃኒት) ይሰጠው፣ አብሮት የሚኖረውም ሰው አጠቃቀሙን ይማር።

የካንሰር፣ የማጭድ ሕዋስ የደም ማነስና የሕይወት መጨረሻ ሕመም ያለባቸውን በዚህ ሥርዓት አታስገቧቸው። የ2022ቱ መመሪያም እነርሱን አይመለከትም። ለእነርሱ ፔግና የጉዳት ጥያቄዎቹ ይጠቅማሉ፤ ዋናው አደጋቸው ግን ብዙ ጊዜ ሕመማቸው ሳይታከም መቅረቱ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን አስቀድሞ ፔግ፣ የጉዳት ጥያቄዎቹና የሚወሰዱ መድኃኒቶች ዝርዝር ይላኩ፤ ከአምስት ደቂቃ አይበልጡም። መድኃኒት ሲጀመር ወይም መጠን ሲጨመር ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገሙ፣ የረጋ ታካሚ ላይ ቢያንስ በየሦስት ወሩ። ኮም በየሦስት ወሩ ወይም ነገር ሲለወጥ፣ የስጋት መጠይቅ ለአዲስ ታካሚ አንድ ጊዜ። መልሶቹ ወደ ሕክምና መዝገብ ይግቡ፤ ማን እንደሚያያቸው ለታካሚው በጽሑፍ ይነገረው፣ ለአሠሪም ሆነ ለመድን ሰጪ ያለ ፈቃዱ አይውጡ። ማዘዣውን የሚጽፈው ሐኪም መልሱን ማየቱን የሚያረጋግጥ አንድ ቁልፍ ይኑር፣ ማዘዣ የሚዘጋ ቁልፍ ግን አይኑር።

በመጀመሪያ 30 ታካሚዎችን ይዛችሁ ለሦስት ወር ሞክሩና ከመሞላት መጠኑ በፊት አንድ ነገር ለኩ፦ ከተላኩት መልሶች ውስጥ ማዘዣ ከመጻፉ በፊት የተነበቡት ስንት ናቸው? ያልተነበቡት ከአሥር ሁለት በላይ ከሆኑ መጠይቁን አሳጥሩት ወይም የሚያነበውን ሰው መድቡ፤ እስከዚያ ተጨማሪ ታካሚ አታስገቡ።